ሁለት ሰከንድ ስንት ሜትር ነው? የአሽከርካሪዎች ጥያቄና መልስ

ከባሕር ዳርና ከጣና ዙሪያ ከተሞች ከደረሱን የዚህ ወር ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፤ መኪና እየነዱ ስልክ፣ ስክሪን፣ ቴፕ ወይም ኤሲ መነካካት። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን፣ ሰፊ ማብራሪያ የሚሹትን ደግሞ ሰፋ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው ቪትዝ ነው፤ ከአባይ ማዶ ወደ ሥራ የምመላለሰው በአዲሱ ድልድይ በኩል ነው። ስልክ ሲደወል አላነሣም፤ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብቻ አየት አደርጋለሁ። ባለቤቴ ይህም አደጋ ነው ይለኛል። ለመሆኑ ዓይን ከመንገድ ላይ ለምን ያህል ጊዜ ቢነሣ ነው አደጋ የሚባለው? (ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ ባለቤትዎ እውነታቸውን ነው። ስልኩን አለማንሣትዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን ትልቁ አደጋ ያለው እጅ ላይ ሳይሆን ዓይን ላይ ነው።

በዘርፉ በስፋት የሚሠራበት ልክ 2 ሰከንድ ነው። የአሜሪካው ቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 100 መኪኖች ላይ ካሜራ ገጥመው ሰዎች በየዕለቱ እንዴት እንደሚነዱ ተከታትለው ነበር። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ትንታኔ፣ ዓይን በድምሩ ከ2 ሰከንድ በላይ ከመንገድ ሲነሣ የመጋጨት ወይም ለመጋጨት ጥቂት የመቅረት ዕድል ቢያንስ እጥፍ እንደሚሆን አሳየ። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤትም በ2013 እ.ኤ.አ. ለመኪና አምራቾች ባወጣው መመሪያ፣ ስክሪን ላይ የሚሠራ ማንኛውም ነገር አንዱ እይታ ከ2 ሰከንድ፣ የሁሉም እይታዎች ድምር ደግሞ ከ12 ሰከንድ እንዳይበልጥ ጠየቀ።

ይህን ወደ ሜትር እንመንዝረው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። 2 ሰከንድ ማለት 28 ሜትር ነው፤ አሥር ባጃጆች ተከታትለው ቢቆሙ ከሚይዙት ቦታ ይበልጣል። ዓይን ወደ መንገድ ሲመለስም መኪናው ወዲያው አይቆምም። ያዩትን ለመረዳትና እግርን ወደ ፍሬን ለማሻገር አንድ ሰከንድ ተኩል ገደማ፣ ማለትም ሌላ 21 ሜትር ይሄዳል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ ደግሞ ጎማው ደህና ከሆነ በደረቅ አስፋልት ወደ 14 ሜትር ያስፈልጋል። ሲደመር 63 ሜትር ነው። አስፋልቱ ዝናብ ከጠጣ የመጨረሻው ቁጥር ይረዝማል።

«አየት» ማድረግ ከሚመስለው በላይ ጊዜ ይበላል። ዓይን ከመንገድ ወደ ስልኩ ይወርዳል፤ ከሩቅ ወደ ቅርብ ያስተካክላል፤ ስሙን ያነባል፤ ተመልሶ ይነሣና እንደገና ለሩቅ ያስተካክላል። የማይታወቅ ቁጥር ከሆነማ ሐሳብ «ማን ይሆን?» እያለ ስልኩ ዘንድ ይቀራል። «በዳር ዓይኔ መንገዱን እያየሁ ነው» የሚሉ ብዙ አሉ። ክንድዎን ዘርግተው የአውራ ጣትዎን ጥፍር ይዩ፤ አጥርቶ የሚያየው የዓይን ክፍል የሚሸፍነው ስፋት ከዚያ ብዙም አይበልጥም። የዳር ዓይን መኪናውን በመስመሩ ለመያዝ ይበቃል፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ስልክ እያዩም መኪናው ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ከፊት ያለው መኪና እየቀረበ መምጣቱን ግን የዳር ዓይን የሚነግረን ዘግይቶ ነው።

በባሕር ዳር ነገሩን የሚያከብደው ብስክሌቱ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ በ2 ሰከንድ 8 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ጉድጓድ ወይም ከዳር የቆመ ባጃጅ ሊሸሽ አንድ ሜትር ወደ ግራ ለመውጣት ደግሞ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በ27 ሰከንድ ያልቃል። ሰፊና ቀጥ ያለ በመሆኑ ብዙ ሰው ስልኩን የሚያየው እዚያ ላይ ነው። ከድልድዩ ወርደው ባጃጅና እግረኛ ወደሚቀላቀልበት የሚገቡት ግን ሐሳብዎ ገና ስልኩ ላይ እያለ ነው።

ምን ያድርጉ? ከመነሣትዎ በፊት ስልኩን «አትረብሹኝ» ወይም የማሽከርከር ሁኔታ ላይ ያድርጉት፤ አንዳንድ ስልኮች መኪና እየነዱ እንደሆነ በራሳቸው መልእክት መላክ ይችላሉ። የልጆችዎ ትምህርት ቤትና የቤተሰብ ጥሪ እንዳያመልጥዎ ከሆነ እነዚያ ቁጥሮች ብቻ እንዲጠሩ ይፍቀዱና የተለየ የጥሪ ድምፅ ይምረጡላቸው። ያኔ ማን እንደደወለ ጆሮዎ ይነግርዎታል፤ ዓይንዎ አይነሣም። ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ወይም ኪስ መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጡት እንጂ ጭንዎ ላይ ወይም ማርሹ ሥር አያድርጉት፤ ፍሬን ሲይዙ ተንሸራቶ እግርዎ ሥር ይገባል፣ ሰውም በደመ ነፍስ ሊያነሣው ይጎነበሳል። የግድ መመለስ ያለበት ጥሪ ሲመጣ ድልድዩንና አደባባዩን ይለፉ፤ ፍሬቻ ያሳዩ፣ የቀኝ ስፖኪዮውን አይተው ብስክሌት አለመኖሩን ያረጋግጡ፣ ከአስፋልቱ ወጥተው ይቁሙ።

ጥያቄ፦ ለቻይና ገበያ የተሠራ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ከመሪው በስተቀር ሁሉም ነገር ስክሪኑ ውስጥ ነው፤ ጽሑፉም ቻይንኛ ነው። ክረምት ላይ የፊት መስታወቱ ጉም ሲለብስ የትኛውን እንደምነካ ግራ ይገባኛል። እየነዳሁ ስፈልግ ሁለት ጊዜ ከመስመር ወጥቻለሁ። (ከቀበሌ 14)

መልስ፦ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየበዛ መጥቷል፤ ሰፋ አድርገን የምንመልሰውም ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ ይወቁ። ቁልፍን ጣት በመዳሰስ ያገኘዋል፤ ልሙጥ መስታወት ላይ የተሣለ ምልክትን ግን ያለ ዓይን ማግኘት አይቻልም። ቪ ቢልኤጋሬ የተባለው የስዊድን የመኪና መጽሔት በ2022 እ.ኤ.አ. ሾፌሮች በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዱ አራት ሥራዎችን እንዲሠሩ አደረገ፤ ከእነዚህም አንዱ መቀመጫ ማሞቅና የመስታወት ጉም ማጥፋት፣ ሌላው ሬዲዮ መክፈት ነበር። ቁልፍ በቁልፍ የሆነው የ2005 ሞዴል ቮልቮ በ10 ሰከንድና በ306 ሜትር ጨረሰ። መጨረሻ የወጣው ባለ ስክሪን ኤምጂ ማርቭል አር 44.6 ሰከንድና 1,372 ሜትር ፈጀ። ሾፌሮቹ አስቀድመው የመለማመጃ ጊዜ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ጽሑፉንም ማንበብ ይችሉ ነበር። እርስዎ ይህንኑ በማያነቡት ቋንቋ ነው የሚሠሩት።

ከጉሙ እንጀምር። ቋንቋው ቻይንኛ ቢሆንም ሥዕሎቹ በመላው ዓለም አንድ ናቸው። የፊት መስታወት ጉም ማጥፊያው እንደ ተከፈተ ማራገቢያ ከላይ ጎበጥ ያለ ቅርጽ ሲሆን በላዩ ወደ ላይ የሚሄዱ ሦስት የተጠማዘዙ ቀስቶች አሉት። አራት ማዕዘን ላይ ያሉት ተመሳሳይ ቀስቶች የኋላው ናቸው። የመኪና ሥዕል ሆኖ ውስጡ የሚዞር ቀስት ያለው ደግሞ የውስጡን አየር መልሶ የሚያዞረው ነው። ጉም የሚፈጠረው የተሳፋሪ ትንፋሽና የረጠበ ልብስ ያመነጨው እርጥበት ዝናብ ያቀዘቀዘውን መስታወት ሲነካ ነው። ስለዚህ የሚዞረው ቀስት መጥፋት አለበት፤ አለዚያ ያንኑ እርጥብ አየር መልሶ መላልሶ ይነፋል። ኤሲው ግን ይብራ። ብዙ ሰው ብርድ ነው ብሎ ያጠፋዋል፤ አየሩን የሚያደርቀው እሱ ነው። ሙቀቱን ከፍ አድርገው ኤሲውን አብረው ቢያሠሩ መስታወቱ ቶሎ ይጠራል። ከመነሣትዎ 2 ወይም 3 ደቂቃ ቀደም ብለው ያብሩት። የመስታወቱን የውስጥ ገጽ በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ይወልውሉት፤ ቅባትና አቧራ ያለበት መስታወት ጉም ቶሎ ይይዛል። እየነዱ ድንገት ቢሸፈንብዎ ስክሪኑን አይፈልጉ፤ የበሩን መስኮት ቁልፍ በጣት ዳስሰው የሁለቱንም ወገን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ይክፈቱ፣ ፍጥነት ይቀንሱና ዳር ይያዙ።

ቀጥሎ ያለው ሥራ መኪናው ቆሞ የሚሠራ ነው። መቀመጫና መሪ ከተስተካከለ በኋላ ስፖኪዮ ያስተካክሉ። ኤሲውን በራሱ የሚሠራበት ሁኔታ ላይ አድርገው 22 ዲግሪ ላይ ይተዉት፤ እየነዱ ከፍ ዝቅ ማድረጉ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ከዚያ ብዙ ጊዜ የሚፈልጓቸውን ሁለት ወይም ሦስት ምልክቶች ወደ መጀመሪያው ገጽ ወይም ከላይ ተጎትቶ ወደሚወርደው ሰሌዳ ያምጧቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምልክቱን ጫን ብሎ ይዞ መጎተት ይበቃል። ማዕዘን ላይ ያስቀምጧቸው፤ የስክሪኑ ጠርዝ ጣትን ስለሚመራ ከመሃል ይልቅ ማዕዘን ቶሎ ይገኛል። በመሪው ላይ የኮከብ ምልክት ያለው ቁልፍ ካለ ለእርስዎ በሚስማማ ሥራ የሚሞላ ሊሆን ስለሚችል ሻጩን ይጠይቁ። ቪዲዮ ማሳያውን መኪናው ሲንቀሳቀስ እንዲዘጋ ያድርጉ።

ከዚያ ይፈትኑት። መኪናውን ግቢ ውስጥ አቁመው አንድ ሰው አጠገብዎ ይቀመጥ። እርስዎ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ያያሉ፤ እሱ «እይ» ሲል ወደ ስክሪኑ ይዞራሉ፤ ከአንድ ሰከንድ ተኩል በኋላ «ተመለስ» ሲል ሥራው ባያልቅም ዓይንዎን ወደ ግድግዳው ይመልሳሉ። ስንት እይታ እንደፈጀ ይቁጠርልዎት። የመኪና ስክሪን በላቦራቶሪ የሚመዘንበት አንዱ ዘዴ ይኸው ነው፤ እዚያ ሾፌሩ የሚያደርገው መነጽር በየአንድ ሰከንድ ተኩሉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በአሜሪካው መመሪያ ስምንት እይታ፣ ማለትም 12 ሰከንድ፣ የመጨረሻው ወሰን ነው። ያ ወሰን ግን ለአምራች የተቀመጠ ነው። ቅዳሜ ገበያን ወይም ፔዳ በርን ለሚያቋርጥ ሾፌር በጣም ልቅ ነው። የእኛ ምክር ጠበቅ ያለ ነው፤ ከሁለት አጭር እይታ በላይ የሚፈልግ ሥራ ከተማ ውስጥ ቆመው እንጂ እየሄዱ አይሠራም።

ቋንቋውን በተመለከተ፣ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ብዙ መኪኖች ሌላ ቋንቋ የላቸውም። ሶፍትዌሩን የሚቀይሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ካስቀየሩ መኪናውን ከመረከብዎ በፊት የኋላ ካሜራው፣ የማስጠንቀቂያ መብራቶቹ፣ የበር መቆለፊያውና የዝናብ መጥረጊያው እንደ በፊቱ መሥራታቸውን አንድ በአንድ ይመልከቱ። ሶፍትዌር በታደሰ ቁጥር ምልክቶች ቦታ ሊቀይሩ ይችላሉ፤ በዚያ ቀን የግቢውን ፈተና ይድገሙት።

ገና ሊገዙ ላሰቡ ደግሞ ይህን እንላለን። የአውሮፓው የመኪና ደኅንነት መዛኝ ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፍሬቻ፣ አደጋ መብራት፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያና የድንገተኛ ጥሪ በሚዳሰስ ቁልፍ እንዲሆኑ ለከፍተኛው ነጥብ መስፈርት አድርጓል። እኛ የፊት መስታወት ጉም ማጥፊያን እንጨምርበታለን። መኪና ሲያዩ ስለ ባትሪው ኪሎ ሜትር ከመጠየቅዎ በፊት እነዚህን ስድስት ነገሮች በእጅዎ ዳስሰው ይፈልጓቸው።

ጥያቄ፦ የቪትዜ ቴፕ ጣቢያ ማግኘት ያስቸግረኛል፤ የሚያሳየው ቁጥርና የሬዲዮ ጣቢያው ቁጥር አይገጥምም። እየነዳሁ ስጠመዝዝ እውላለሁ። (ከሽምብጥ)

መልስ፦ ቴፑ የተሠራው ለጃፓን ነው፤ የዚያ አገር ኤፍኤም የሚጀምረው ከ76 ሲሆን በፊት እስከ 90 ብቻ ነበር የሚደርሰው። የእኛ ጣቢያዎች እንዲሰሙ አንቴናው ላይ ትንሽ መቀነሻ ይገጠማል፤ እሱ ከእውነተኛው ቁጥር ላይ የተወሰነ ያህል ይቀንሳል። መቀነሻው 20 ከሆነ 102 ላይ ያለ ጣቢያ 82 ላይ ይገኛል ማለት ነው። መቀነሻው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይተው ጣቢያዎችዎን ቤት ቆመው ያስሉ። እያንዳንዱን ጣቢያ ካገኙ በኋላ ከ1 እስከ 6 ካሉት ቁልፎች አንዱን ድምፅ እስኪሰጥ ድረስ ጫን ብለው ይያዙት። በብዛት የሚያዳምጡትን 1 ላይ፣ ሁለተኛውን 6 ላይ ያድርጉ፤ ጫፍና ጫፍ ያለ ቁልፍ ሳይታይ ይገኛል።

ጥያቄ፦ ብሉቱዝ ካስገባሁ ወዲህ ሁለቱም እጄ መሪ ላይ ነው፣ ዓይኔም መንገድ ላይ ነው። ታዲያ እንደ ልቤ ባወራ ምን ችግር አለው? (የኮንትራት ታክሲ ሾፌር)

መልስ፦ በእጅ ከመያዝ ይሻላል፤ በእጅ ይዞ ማውራት በትራፊክ ደንብም የተከለከለ ነው። ችግሩ ግን በዚህ አያበቃም። ዓይን አንድ ነገር ላይ አርፎ አእምሮ ሳይመዘግበው ሊያልፍ ይችላል። የአሜሪካው ዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በማሽከርከር ማስመሰያ ላይ በእጅ በማይያዝ ስልክ የሚያወሩ ሰዎች ዓይናቸው በቀጥታ ያረፈባቸውን የመንገድ ዳር ማስታወቂያዎች እንኳ ከማያወሩት በእጅጉ ያነሰ አስታወሱ። አይተዋል፤ ግን አላስተዋሉም። የብዙ አደጋ አድራሾች «ከየት መጣ ሳላየው!» የሚል ቃል ውሸት ላይሆን ይችላል።

ሌላም አለ። ትሪፕል ኤ የተባለው የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር የጥናት ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በድምፅ ትእዛዝ የሚሠራ አስቸጋሪ መሣሪያን ተጠቅመው ከጨረሱ በኋላ የሾፌሩ ትኩረት ሙሉ በሙሉ እስኪመለስ እስከ 27 ሰከንድ ሊወስድ ይችላል። በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ 300 ሜትር ነው። ስለዚህ ጥሪው ካለቀም በኋላ ወዲያው መቅደም ወይም አደባባይ መግባት ልክ አይደለም።

ከተሳፋሪ ጋር ማውራት ለምን የተለየ ሆነ ይሉ ይሆናል። ተሳፋሪ መንገዱን ያያል፤ ልጅ ሲሮጥ ካየ ወሬውን ያቋርጣል፣ አንዳንዴም «ተው! ተው!» ይላል። በስልክ ያለው ሰው ይህን አያውቅም፤ ዝም ሲሉት «አለህ? ሃሎ?» እያለ ይጎተጉታል። ስለዚህ የኮንትራት ጥሪ ሲቀበሉ ሦስት ነገር ብቻ ይነጋገሩ፤ የት ነው፣ ስንት ሰዓት ነው፣ ስደርስ እደውላለሁ። የዋጋ ክርክር ቆመው የሚያደርጉት ነገር ነው። ከቤት የሚመጣ የሚያስቆጣ ወይም የሚያስደነግጥ ጥሪ ከሆነማ ይቁሙ፤ ለዚያ ብሉቱዝ መፍትሔ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ባጃጅ ነው የምሠራው። ስልኬን መሪው ላይ አስሬዋለሁ፤ ሒሳብ በቴሌብር ስለሚከፈል የግድ ማየት አለብኝ። የት ባደርገው ይሻላል? (ከፓፒረስ አካባቢ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከቦታው በፊት ሰዓቱን እናስተካክል። ባጃጅ ላይ ማርሽና ፍሪሲዮን በግራ እጅ፣ ነዳጅ በቀኝ እጅ ነው። የግራ እጅ ስልክ ከያዘ ማርሽ መቀየር አይቻልም፤ የቀኙ ከለቀቀ ኃይል ይጠፋል፤ ከኋላ የሚመጣ መኪና ይህን አይጠብቅም። የፊት ጎማውም አንድ ብቻ ስለሆነ ጉድጓድ ሲመታ መሪውን ይጠመዝዛል፤ በአንድ እጅ መቆጣጠር ይከብዳል።

በብዛት ጥፋት የሚደርሰው ተሳፋሪ ወርዶ ባጃጁ ሲነሣ ነው። ተሳፋሪው «ልኬያለሁ» ይላል፤ ሾፌሩ ባጃጁን እያንቀሳቀሰ የማረጋገጫ መልእክቱን ያያል። ያኔ ነው ከግራ የሚመጣ ብስክሌት የሚገጨው። መልእክቱ ሳይደርስ ጎማ አይንቀሳቀስ፤ አይተው ከጨረሱ በኋላ ስልኩን ለቀው የግራውን ስፖኪዮ ይመልከቱ፣ አንገትዎንም አዙረው ይዩ፣ ከዚያ ይውጡ። የሒሳቡን ልክ ተሳፋሪው ሲገባ ይንገሩት፤ ዝርዝር ብርም ጠዋት አስቀድመው ለይተው ይያዙ። በአንድ እጅ ነድቶ በሌላው መልስ መቁጠር በጭራሽ አይገባም።

ቦታውን በተመለከተ፣ ከመሪው መሃል ይልቅ የፊት መስታወቱ የታችኛው ጠርዝ ይሻላል፤ ዓይን ወደ ታች የሚሄደው ርቀት ያንሳል። መንገዱን ግን እንዳይሸፍን። የመኪና ስክሪን አቀማመጥ መመሪያዎች ከዓይን መስመር ወደ ታች 30 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይላሉ፤ ባጃጅ ላይም በዚሁ ይመሩ። መያዣው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጽሑፉ ስለሚንቀጠቀጥ እይታው በግድ ይረዝማል፤ ብሎኑን ያጥብቁ ወይም መያዣውን ይቀይሩ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 58 ነው። መንገዱ ከሩቅ ጥርት ብሎ ይታየኛል፤ የክሩስኮቱን ቁጥርና የልጄን መኪና ስክሪን ግን ማንበብ አቃተኝ። የማንበቢያ መነጽሬን አድርጌ ልንዳ? (ከሐሙሲት)

መልስ፦ አባታችን፣ በማንበቢያ መነጽር በጭራሽ አይንዱ። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠጠረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለውን ማየት ይከብዳል፤ ይህ የተፈጥሮ ነው። ፕላስ 2 የሆነ የማንበቢያ መነጽር ግን 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ላለ ነገር የተሠራ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በሙሉ ያደበዝዝብዎታል። ክሩስኮቱ ደግሞ ከዓይን 70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ለእሱም በትክክል አይስማማም።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ሾፌር መሆንዎንና ክሩስኮቱ የሚርቀውን ያህል ይንገሯቸው። ላይኛው ክፍሉ ለሩቅ፣ ታችኛው ለዚያ ርቀት የሆነ መነጽር ይሠሩልዎታል። አዲስ መነጽር ሲያደርጉ ለጥቂት ቀናት ስፖኪዮ ለማየት አንገትዎን ከለመዱት በላይ ማዞር ይኖርብዎታል፤ በመነጽሩ ጫፍ ማየት ብዥ ይላል። እስከዚያ የክሩስኮቱን ብርሃን ቀን ላይ ከፍ ያድርጉት፤ ብርሃን ሲጨምር የዓይን ብሌን ስለሚጠብ ቅርቡ ነገር ጥርት ይላል። በዕድሜ ዓይን ከቅርብ ወደ ሩቅ ለመመለስም ስለሚዘገይ ፍጥነትዎን በቁጥሩ ሳይሆን በመርፌው አቅጣጫ መከታተል ይልመዱ። መርፌው ምን ያህል እንዳዘነበለ ለማወቅ ማንበብ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ የውስጥ መስታወት ላይ የእመቤታችንን ሥዕል አንጠልጥያለሁ። ትራፊክ ፖሊስ አውርደው አለኝ፤ ቅር ብሎኛል። (ከጊዮርጊስ አካባቢ)

መልስ፦ ሥዕሉን ከመኪናው ማውጣት አያስፈልግዎትም፤ ቦታው ግን መቀየር አለበት። 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነገር ከዓይንዎ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢንጠለጠል፣ በሁለቱም ዓይን እያዩም ቢሆን 30 ሜትር ርቀት ላይ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል። ብስክሌት ከነነጂው እዚያ ውስጥ ይጠፋል። በተጨማሪም የሚወዛወዝ ነገር ዓይንን በግድ ይጠራል፤ መንገድ ላይ ያለ እንቅስቃሴም ከእሱ ጋር ይምታታል። በክብር ክሩስኮቱ ላይ ከመስታወቱ በታች፣ የአየር ከረጢቱ ክዳን በሌለበት ቦታ ይለጥፉት። ከፊት መስታወቱ ሥር የሚነጠፍ ነጭ ወይም ደማቅ ምንጣፍ ካለም ያንሡት፤ ፀሐይ ሲያርፍበት መስታወቱ ላይ ያንጸባርቃል።

የመኪናው የፊት ምሰሶም እንዲሁ ይሸፍናል። እርስዎ ወደ አደባባይ ሲጠጉና ብስክሌተኛ ከጎን ሲመጣ፣ ፍጥነታችሁ ከተመጣጠነ ምሰሶው ጀርባ ተደብቆ አብሮ ይሄዳል። አደባባይ ከመግባትዎ በፊት ራስዎን አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ያድርጉ፤ የተደበቀው ይገለጣል።

ጥያቄ፦ ማታ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ስነዳ የመኪናው ስክሪን ዓይኔን ያጥበረብረኛል። ላጥፋው? (ከወረታ)

መልስ፦ አዎ፣ ማጥፋት ከቻሉ ያጥፉት፤ ካልሆነ የሌሊት ገጽታ ላይ አድርገው ብርሃኑን ወደ መጨረሻው ይቀንሱ። ዓይን ጨለማ ሲለምድ ጊዜ ይወስድበታል፤ ነጭ ስክሪን አንዴ ሲታይ ያንን መልመድ ያበላሻል፣ ለጥቂት ሰከንዶችም መንገዱ ይበልጥ ይጨልማል። የክሩስኮቱን መብራት የሚቀንስ የሚዞር ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በስተግራ ታች ይገኛል። ተሳፋሪው ስልክ የሚያይ ከሆነም ብርሃኑ በመስታወቱ ላይ ስለሚታይ እንዲያዘነብለው ይንገሩት።

በዚያ መንገድ ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በፎገራ ሜዳ ከብትና እግረኛ ያለ መብራት ይሻገራል። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ ዓይንዎ መንገዱ ላይ እያለም፣ ለመቆም ወደ 70 ሜትር ያስፈልጋል፤ አጭር መብራት ላይ ጠቆር ያለ ልብስ የለበሰ ሰው ከዚያ በጣም ቀርቦ ነው የሚታየው። 2 ሰከንድ ስክሪን ካዩ 44 ሜትር ይጨመራል። የሚቃረብ መኪና በሌለበት ረጅም መብራት ይጠቀሙ፣ ሲቃረብ ዝቅ ያድርጉ፣ አጭር መብራት ላይ ደግሞ ከ50 አይለፉ።

ጥያቄ፦ የሁለት ዓመት ልጄ ኋላ ወንበር ላይ ታለቅሳለች፤ ጡጦዋ ሲወድቅ እየነዳሁ ዘወር ብዬ አነሣላታለሁ። ሌላ ምን ማድረግ እችላለሁ? (ከዲያስፖራ ሰፈር)

መልስ፦ እኅታችን፣ ወደ ኋላ ሲዞሩ ዓይን ብቻ ሳይሆን ትከሻም ስለሚዞር መሪውን አብሮ ይጎትታል። ጡጦውን በ15 ሴንቲ ሜትር ገመድ ከልጅ መቀመጫው ጋር ያያይዙት፤ ከዚያ የረዘመ ገመድ አንገት ላይ ሊጠመጠም ስለሚችል አደጋ ነው። ስትወድቅባት የምትቀየርላት ሁለተኛ ጡጦ ከፊት ወንበር አያስቀምጡ፤ ለማቀበል ደግመው መዞርዎ አይቀርም። መቀመጫዋን ከእርስዎ ጀርባ ሳይሆን ከቀኙ የኋላ ወንበር ያድርጉት፤ ሲያቆሙ በእግረኛ መንገዱ በኩል ወርደው በሩን ከፍተው ጡጦውን ማቀበል ይችላሉ፣ መኪና ወደሚያልፍበትም አይወጡም። ለቅሶው ካልቆመ በድምፅ ያባብሏት፤ ያም ካልሆነ ከመንገድ ወጥተው የእጅ ፍሬን ይዘው ያንሷት።